አዲስ ቤት የገባች ሸረሪት አልበላ ብላለች፣ ምን ላድርጋት?

ጥያቄውን የኢንተርኔት መወያያ ላይ የለጠፈው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙ የአይሱዙ ሹፌር ነው። አባይ በረሃ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆሞ፣ ለታኮ የሚሆን ድንጋይ ሲያነሳ ከሥሩ አገኛት። ቡናማ ናት፣ ጸጉራም ናት፣ እግሯ ሲዘረጋ መዳፍ ታክላለች፤ ታራንቱላ ከሚባሉት ትልልቅ ሸረሪቶች ወገን ናት። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ድንጋይ ይላት ነበር። እሱ ግን የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጦ ከደነባትና ለታናሽ ወንድሙ ይዞለት መጣ። ታናሽየው ከልጅነቱ ጀምሮ ጢንዚዛና አንበጣ ሲያሳድድ ያደገ ነው።

መጀመሪያ የቀለም ባልዲ ውስጥ አስቀመጣት። ክዳኑ በምስማር ተበሳስቷል፣ ባልዲው እስከ ግማሹ አፈር አለው። እዚያ ምንም አልጎደለባትም። ጎሬዋን ቆፍራ ተቀመጠች፤ ፌንጣ ሲጣልላት ብቅ ብላ ነጥቃ ትገባለች። ከዚያ ልጁ አዘነላትና አሉሚኒየም ቤት ሄዶ የመስታወት ቤት አሠራላት። ቁመቱ ግማሽ ሜትር ነው። ወለሉ ሁለት ጣት የወንዝ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ የተደራረበ ድንጋይ፣ ጥግ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ክዳኑ የሽቦ ወንፊት፣ ከወንፊቱ በላይ ቀይ አምፖል። ፎቶውን ሳየው እውነት ለመናገር ያምራል። የሆቴል ሎቢ ነው የሚመስለው። ሸረሪቷ ግን ከገባች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሌሊቱን መስታወቱን ስትቧጥጥ ታድራለች፤ ቀን ጥግ ይዛ ኩርምት ትላለች። ታማ ነው ወይስ ቤቱን ጠልታው? ጥያቄው ይኸው ነበር።

ከዚያ ምላሹ ጎረፈ። ሁሉንም ልዘርዝር ብል አይመሽልኝም፣ ይነጋብኛል። የሚጠቅመውንና የሚያስቀውን ግን በየቁጥሩ ልንገራችሁ።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ወንድምዓለም ብሎ ጀመረና ከመምከሩ በፊት ጠየቀ። ሆዷ ሙሉ ነው ወይስ ተሸብሽቧል? እግሯ ሲዘረጋ ስንት ሳንቲ ነው? የምትጠጣው ውሃ አላት? ተራ ጥያቄ ይመስላል፣ ግን ቁም ነገሩ ያለው እዚሁ ነው። የታራንቱላ ጤና የሚታየው ከሆዷ ነው። ሆዷ ድቡልቡል ካለ ሳምንታት ባትበላም አያሳስብም፤ ያደገች ሴት ወራት ጾማ ምንም የማትሆንበት ጊዜ አለ። ሆዷ ተጨማዶ እግሮቿ ወደ ሥር ከተጠቀለሉ ግን ውሃ ጠምቷት ይሆናል። የሸረሪት እግር የሚዘረጋው በዋናነት በውስጥ ፈሳሽ ግፊት ነው። ፈሳሹ ሲያንስ እግሩ ይታጠፋል።

2ኛው ቀልደኛ ነው፤ ተከራይ ሳይሆን አይቀርም። አከራይዋ ኪራይ ጨምሮባት እንጂ ሌላ ምን ሆና ነው ብሎ አለፈ።

3ኛው በልበ ሙሉነት ገባ። ታራንቱላ በኋላ እግሯ ሆዷን ፈትጋ የሚያሳክክ ጸጉር ስለምትበትን መነጽር አድርግ አለው። ቀጥሎ ደግሞ በየቀኑ እጅህ ላይ እያወጣህ አለማምዳት፣ አንተን ስትለምድ ቤቱንም ትለምዳለች አለ። ቪዲዮ ብቻ ያየ ሰው ምክር መሆኑ ያስታውቃል።

ክሩን፣ ማለትም የምላሹን ሰንሰለት፣ እስከ መጨረሻው የያዘው 4ኛው መላሽ ነው። ባሕር ዳር ባዮሎጂ ያስተምራል። ቁጥብ ሰው ነው፣ ሲያርም ግን አያባብልም። ጸጉር የሚበትኑት የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ ታራንቱላዎች ናቸው አለ። የአፍሪካዎቹ ያ መሣሪያ የላቸውም። በምትኩ ፈጣንና ቁጡ ናቸው፣ ንክሻቸውም ከአሜሪካዎቹ ይብሳል። ሲተናኮሏቸው የፊት እግራቸውን አንስተው ጥርሳቸውን ያሳያሉ። ስለዚህ እጅ ላይ የማውጣቱን ነገር እርሳው አለው። ሸረሪት ሰው አትለምድም፤ እጅ ላይ ዝም ብትል ለጊዜው ስላልደነገጠች ብቻ ነው። የዚህ ቤተሰብ ሸረሪቶች በአገራችን እንዳሉ፣ እንዲያውም ሎክሶፕቲገስ የሚባለው ወገን የተመዘገበው ከኢትዮጵያ ብቻ እንደሆነም ጨመረ። የልጁ ሸረሪት የትኛዋ እንደሆነች ግን በስልክ ፎቶ አልፈርድም አለ። ይህን ወድጄለታለሁ። በእኛ ሰፈር ፎቶ አይቶ ዝርያ የማይጠራ ሰው ብርቅ ነው።

5ኛው ምላሽ የጠያቂው የራሱ ነው። ሆዷ ሙሉ ነው፣ እግሯ 12 ሳንቲ ይሆናል፣ ውሃ በቆርኪ አስቀምጬላታለሁ አለ። አዲስ ፎቶም አያያዘ። እጅ ላይ የማውጣቱን ምክር እናቱ ቀድማ እንደከለከለችውም ነገረን።

6ኛዋ መላሽ ሞጣ ተወልዳ አሁን ውጭ አገር የምትኖር ሴት ናት። ለዓመታት ታራንቱላ አሳድጋለች። ከክሩ ሁሉ አንድ ምላሽ ብቻ አንብብ ብባል የእሷን ነው የማነበው። ፎቶውን አይታ ስለ ምግቡ አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ቁመቱ ሄደች። መሬት ቆፍራ የምትኖር ታራንቱላ ከባድ ናት፣ ሆዷ ደግሞ ስስ ነው። ከከፍታ ከወደቀች ይፈነዳል። እሷም አንዷን ያጣችው እንዲህ ነበር። ሌሊት ክዳኑ ድረስ ወጥታ ወደቀች። ጠዋት ስታገኛት ሆዷ ላይ ከምስማር ጭንቅላት የማትበልጥ ጠብታ ነበረች። ቀይ አይደለችም፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ናት። በሸረሪት ደም ኦክስጅን የሚሸከመው ብረት ሳይሆን መዳብ ያለበት ነገር ስለሆነ ቀለሙ እንደዚያ ነው። ጠብታዋን በወረቀት ጫፍ ስትነካት መልሳ ሞላች። ማታ ላይ ሸረሪቷ በሕይወት አልነበረችም።

ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባች። ከአፈሩ ፊት እስከ ክዳኑ ያለው ከፍታ ከእግሯ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ አይብለጥ አለች። ለ12 ሳንቲ ሸረሪት 18 ሳንቲ ማለት ነው። የልጁ ቤት ከአሸዋው በላይ ከ40 ሳንቲ በላይ ባዶ አለው። ወይ በአፈር ሙላው፣ ወይ ቤቱን በጎኑ አጋድመው ብላ አማራጭ ሰጠችው። አምፖሉም ይቅር፣ ወንፊቱንም አንሳ አለችው። የእግሯ ጥፍር የሽቦ ዓይን ውስጥ ይቀረቀርና ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ ስትታገል እግሯ ይቆረጣል። የተቆረጠ እግር ቆዳ በጣለች ቁጥር ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ ግን ለምን ይቆረጥ? ድንጋዮቹስ? አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሥሩን ስትቆፍር ይናድባታል። ድንጋይ ካስፈለገ መጀመሪያ መስታወቱ ወለል ላይ ይቀመጥ፣ አፈሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

7ኛው ግድግዳ የምትወጣ ፍጡር እንዴት ትወድቃለች ብሎ ተከራከረ። 4ኛው መልሶ፣ መውጣት መቻልና ለመውጣት መፈጠር አንድ አይደለም አለው። ጎሬ መቆፈር ያቃታት ሸረሪት መውጫ ፍለጋ ነው የምትንጠላጠለው። ልጁ ቤቱን መጥላት ያለው ይኸው ነው።

8ኛው ከፍኖተ ሰላም ነው፣ የግብርና ባለሙያ። እንስሳዋን አላውቃትም፣ አፈር ግን እንጀራዬ ነው ብሎ ጀመረ። የወንዝ አሸዋ ጉድጓድ አይዝም፣ ሲቆፈር ይፈሳል። ቀይ አፈር አምጣ፣ በትንሽ ውሃ አርጥብ፣ በቡጢ ጨብጠው። ሳይንጠባጠብ ከተያያዘ፣ ጣትህን ከተህ ስታወጣም ቀዳዳው ካልፈረሰ እሱ ነው። ጠቅጥቀህ ሙላው፣ ላዩ ይድረቅ፣ ውስጡ ትንሽ እርጥበት ይያዝ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ለእኔ አዲስ ነበር። አፈሩን ከበቆሎ፣ ከስንዴ ወይም ከጤፍ ማሳ ዳር እንዳታመጣ አለው። የአረም መርዙ ቱፎርዲም የተባይ መርዙ ማላታዮንም የሚረጨው እዚያ ነው። ፌንጣውንም ከዚያ አትያዝ። ለፌንጣው ያልበቃ መርዝ ለሸረሪቷ ሊበቃ ይችላል። ከቤት ውስጥ የተያዘ በረሮም ያው ነው፤ ፍሊት ያልተነፋበት ቤት የት ይገኛል? እስከዚህ ድረስ ሁሉም አመሰገነው። መጨረሻ ላይ ግን ቅንቅንና እንቁላል እንዲሞት አፈሩን ምጣድ ላይ አምሰው አለ። ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ከ9ኛው እስከ 14ኛው ያለው ስለ ሸረሪት አይደለም። ስለ ምጣድ ነው። 9ኛዋ የትኛውን ምጣድ ነው የምትለው ብላ ጠየቀች። ጥያቄው የዋህ ይመስላል፣ ግን ስለት ነበረው። 10ኛው የማይሠራበት አሮጌ ምጣድ ይበቃል አለ። 11ኛው በኤሌክትሪክ ምጣድ ሞክሬ ነበር፣ የመብራት ቆጣሪው አበደ ብሎ ጻፈ። 12ኛዋ ምጣድ ማለት በስንት መከራ በጎመንዘር ተሟሽቶ ዓይን ያወጣ ነገር መሆኑን፣ አፈር ከነካው በኋላ እንጀራው እየተጣበቀ መከራዋን እንደሚያሳያት አስረዳች። 13ኛዋ ጨከነች። አብስሎ የማያውቅ ወንድ ሁሉ ስለ ምጣድ ባይናገር ይሻላል አለች፤ የግብርና ባለሙያውንም ቤትህ ሄደህ ሚስትህን አስፈቅድ አለችው። ሰውዬው ያላገባ መሆኑን ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። በ14ኛው ላይ የሞጣዋ ተመልሳ ገላገለቻቸው። የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ላስቲክ ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ ይምታው፣ ይበቃዋል አለች።

15ኛው የእንጅባራ ሰው ነው፤ አፈር ምን ያስፈልጋል አለ። ሰጋቱራ አለላችሁ፣ ከሥሩ የከሰል ብናኝ ይነጠፍ። አካባቢው ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚያከስል ነውና ባለው ነገር መምከሩ አይገርምም። 4ኛው በ16ኛው ላይ ቁጣ ቀረሽ መልስ ሰጠው። የባሕር ዛፍም የጽድም ሰጋቱራ ዘይት አለው፣ ነፍሳት የሚሸሹት ያንን ሽታ ነው፣ ሸረሪትንም ይጎዳል፣ ጎሬም አይቆፈርበትም፤ ስለዚህ በፍጹም አለ። የእንጅባራው ተቆጣ። ለመሆኑ አንተ ስንት ሸረሪት አሳድገህ ነው ብሎ ወጋው። 4ኛው አንድም፣ ያነበብኩትን ነው የምናገረው፣ ያሳደገችው እሷ ናት ብሎ ወደ ሞጣዋ አመለከተ። ሞጣዋም ሰጋቱራውን በአንድ ቃል ጣለችው።

እዚህ ላይ የራሴን ጣል ላድርግ። ክሩን ሁሉ ሳየው አብዛኛው መላሽ ሸረሪቷ ላይ አንድ ነገር ሊጨምርባት ይፈልጋል። ሙቀት፣ ከሰል፣ ማለማመድ፣ ሌላ ምግብ። የሚያውቁት ግን የሚሉት ሁሉ ማንሳት ነው። ከፍታውን ቀንስ፣ ወንፊቱን አንሳ፣ ድንጋዩን አውጣ፣ እጅህን ሰብስብ። አበባውና አምፖሉ ለሸረሪቷ የተገዙ አይደሉም፤ ለእኛ ዓይን ነው የተገዙት። የቀለም ባልዲው አስቀያሚ ነበር፣ ግን የሚያስፈልጋት ሁሉ ነበረው። ጥልቅ አፈርና ጨለማ።

17ኛው የደጀን ሰው ነው። አምፖሉ ይቅር መባሉን አልተቀበለም። ሸረሪቷ ከበረሃ ነው የመጣችው አለ። አባይ ድልድይ አካባቢ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው፤ ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቁልቁል ስትወርድ ሹራብ የምታወልቅበት አገር ፍጥረት ማርቆስ ላይ በብርድ ትሙት ወይ? ክርክሩ ውኃ ያነሳል። 18ኛው መብራቱ እንደሆነ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ ምን አጨቃጨቃችሁ ብሎ አለፈ። 19ኛው አምፖሉ ይቅርና ከሥር ማሞቂያ ይነጠፍ አለ። የሞጣዋ ለሁሉም መለሰች። አምፖል ቤቱን ያደርቃል፣ ብርሃኑም ከጎሬ እንዳትወጣ ያደርጋታል። ከሥር የሚመጣ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። በተፈጥሮዋ ሲሞቃት ወደ ታች ነው የምትቆፍረው፤ ታች ሙቀቱ ካለ ማምለጫ ስትፈልግ ወደ ባሰው ትሄዳለች። ክፍሉ 20 ዲግሪ አካባቢ ካለ ይበቃታል። ሲበርድ ቀዝቀዝ ትላለች፣ ትንሽ ትበላለች፣ በቃ። ቤቱን ከውጭ ግድግዳ አርቀህ ሞቅ ወዳለው የውስጥ ክፍል አስገባው፣ መስኮት አጠገብ ግን እንዳይሆን፤ ፀሐይ የመታው መስታወት ይጠብሳታል። የደጀኑ ሰው እሺ አለ፤ ግን የእኛ በረሃ ሌላ ነው የምትል ቃል ሳይጨምር አልሄደም።

20ኛው ጥሬ ሥጋ ሞክርላት አለ። 21ኛው ክትፎውን ለእኔ ላክ ብሎ ቀለደበት። ምግቡ ላይ ብዙ አልተጨቃጨቁም። ሕይወት ያለው ፌንጣ ይሁን፣ ከሆዷ አይብለጥ፣ እስከ ማግስቱ ካልበላችው ይውጣ። ቆርኪው ጠልቆ ውሃ ካልያዘ ሰፋ ያለ ክዳን ይተካ፤ ጥጥ አያስፈልገውም፣ ጥጥ ቆሻሻ ማራቢያ ነው።

22ኛዋ ነርስ ናት። የመጣችው 23ኛው ሊጽፈው የነበረውን አውቃ ይመስላል። 23ኛው ሸረሪት ሸንታበት አንገቱ ላይ እሳት የመሰለ ቁስል የወጣበትን አጎቱን ታሪክ አመጣ፤ አልማዝ ባለጭራ ነበር የተባለው። ነርሷ ቀድማ የጻፈችው ስለ ንክሻ ነበር። በታራንቱላ ንክሻ ብቻ ሞተ ተብሎ በአስተማማኝ የተመዘገበ ሰው የለም አለች። የአፍሪካዎቹ ግን ክፉኛ ያማሉ፣ የጡንቻ ቁርጠትም ሊያመጡ ይችላሉ። በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ፣ ማስታገሻ መውሰድ። መብጣት የለም፣ መምጠጥ የለም። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ በፍጥነት ሐኪም ቤት። ለ23ኛው ደግሞ በ24ኛው ላይ ተመለሰችለት። አልማዝ ባለጭራ ከሸረሪት ጋር ምንም አያገናኘውም። በልጅነት የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ አቅም ሲደክም የሚነሳው ነው። ለዚህ ነው በአንድ ጎን ብቻ መስመር ሠርቶ የሚወጣው። መድኃኒት አለው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከተጀመረ። በሸረሪት የሚሳበበው ሌላው ቁስል ደግሞ ብዙ ጊዜ ብርቱካንማና ጥቁር የሆነች ቀጭን ጢንዚዛ ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ የሚመጣ ነው። ትእግሥቷ ደስ ይላል። ማንንም ሳታሳፍር ነው ያስተማረችው። አጎትየው ግን በቅቤ ነው የዳነው ብሎ 23ኛው አልለቀቀም።

25ኛው ላይ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። የቅኔ ተማሪ ነኝ ያለ ሰው በሸረሪቷና በመስታወት ቤቷ ላይ ጉባኤ ቃና ዘረፈ። ጎጃም ነውና ሸረሪቷ ተረሳች። 26ኛው ቤት አልመታም አለ። 27ኛው መትቷል፣ ወርቁን አላየኸውም አለ። መምህርህ ማነው እስከ መባባል ደረሱ። እኔ ሰሙን አግኝቻለሁ፣ ወርቁን ለባለቤቱ ትቼዋለሁ።

28ኛው ስንት ዓመት ትኖራለች ብሎ ወደ ጉዳዩ መለሰን። ሴቷ 15፣ 20 ዓመት ትደርሳለች፣ ወንዱ ካደገ በኋላ ብዙ አይቆይም አለው 4ኛው። የታራንቱላ የሩቅ ዘመድ የሆነች፣ ተመራማሪዎች ቁጥር 16 የሚሏት ባለክዳን ጎሬ ሸረሪት በምዕራብ አውስትራሊያ 43 ዓመት ኖራ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ እንደሞተችም አመጣ። ልጁ ይህን ሲያነብ ምን እንዳሰበ አላውቅም። ከእናቱ ጋር ይህን ያህል ዘመን በአንድ ቤት ስለ መኖር የሚያሳስበው ይመስለኛል።

29ኛው ሰው ላስቆጣ ብሎ የመጣ ነው የሚመስለው። ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ለሸረሪት የመስታወት ቤት ማሠራት ፈረንጅ መምሰል ነው ብሎ ወረደበት። ልጁ አልመለሰም። የመለሰችለት 13ኛዋ ናት፣ ያቺው የምጣዷ። የመስታወቱ ቁርጥራጭ ከአሉሚኒየም ቤት ትርፍ እንደሆነ ልጁ ከላይ እንደጻፈ አስታወሰችው፤ አንተ ለኳስ ውርርድ በሳምንት ስንት ታወጣለህ ብላም ጠየቀችው። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልታየም። ምላሷ ስለታም ነው፣ ግን አንብባ ነው የምትናገረው።

30ኛው የጠየቀው ግን መልስ ይገባዋል፣ በጨዋ ቃል ነው ያቀረበው። የዱር እንስሳ ናት፣ ለምን ወደ ቦታዋ አትመልሳትም አለ። የዱር እንስሳትን የሚመለከት ሕግ መኖሩን፣ ቢሮ ሄዶ መጠየቅ እንደማይጎዳም አስታወሰ። 31ኛው እዚያው ማርቆስ ዳር ልቀቃት ሲል 4ኛው ከለከለ። የበረሃ ሸረሪት ደጋ ላይ መልቀቅ ለቅዝቃዜ መስጠት ነው። ከተመለሰች ወደ ተነሳችበት ቁልቁለት፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ ድንጋይ ያለበት ትመለስ አለ። ልጁ ወንድሜ በሚቀጥለው ሲያልፍ እናስብበታለን ብሎ አሳደረው። እኔም ብሆን መመለሱን እመርጥ ነበር። ልጁ ግን ገና ልቡ አልቆረጠም።

32ኛው ላይ ልጁ ዜና ይዞ መጣ። ቤቱን በጎኑ አጋድሞታል፣ ቀይ አፈር ሞልቶታል፣ አበባው ወጥቷል፣ አምፖሉ ሳሎን ተመልሷል። ወንፊቱን በተበሳ ፕላስቲክ ተክቶታል። ሸረሪቷ በገባች ሌሊት መቆፈር ጀመረች። አሁን ጎሬዋን በድር ዘግታለች፣ ፌንጣም አትነካም። 33ኛው ተቆፍራ ትውጣ አለ። ሞጣዋ ኧረ ተዋት አለች። በሩን በድር የሚዘጋ ታራንቱላ አትረብሹኝ ማለቱ ነው፣ ምናልባት ቆዳዋን ልትጥል ነው። ሆዷ ጠቆር ብሎ ካየኸው እሱ ነው።

34ኛው የተጻፈው ሌሊት ነው፣ ፊደሉ ሁሉ ተደናግሯል። ጎሬዋ በአንድ በኩል መስታወቱን ስለሚነካ ውስጡ ይታያል። በባትሪ ሲያያት በጀርባዋ ተገልብጣለች፣ እግሮቿ ወደ ላይ ናቸው። ሞታለች ብሎ በማንኪያ ሊያወጣት አፈሩን መጫር ጀምሮ ነበር። 4ኛው ወዲያው መለሰ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ያለው አልመሰለኝም። ማንኪያውን አስቀምጥ፣ ባትሪውን አጥፋ አለው። የምትሞት ሸረሪት ብዙውን ጊዜ እግሯን ከሥሯ አጣጥፋ ነው የምትቀረው፣ አትገለበጥም። የተገለበጠች ግን ቆዳዋን እየጣለች ነው። በዚህ ሰዓት ገላዋ ሁሉ ለስላሳ ነው። ብትነካት እግሯ ቆዳው ውስጥ ይቀራል፣ ወይም ትቀደዳለች። ሰዓታት ይፈጅባታል። ሂድና ተኛ። 35ኛው እኔ ባለፈው ዓመት አንዷን እንዲሁ ሞተች ብዬ ጥያታለሁ አለ፣ ሌላም አልጨመረ።

36ኛው ፎቶ ብቻ ነው። አሮጌው ቆዳ ባዶውን ተቀምጧል፣ የጥርሷ ሽፋን ሳይቀር ተያይዞ ወጥቷል። አጠገቡ እሷ አለች። ቀለሟ ደምቋል፣ ጸጉሯ ተበጥሯል፣ ሆዷ ቀጥኗል። ጥርሶቿ ነጭ ናቸው። 37ኛው ደክማለችና ቶሎ አብላት አለ። ሞጣዋ ለመጨረሻ ጊዜ ገባች። ነጭ ጥርስ ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነው፣ ፌንጣ ላይ ብትተክለው ሊታጠፍ ይችላል። ወደ ቀይ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ሲለወጥ ብቻ አብላት፤ በእሷ መጠን ላለች ሁለት ሳምንት ገደማ ጠብቅ። እስከዚያ ውሃ ይበቃታል፣ ፌንጣም አትተውባት፤ ፌንጣ ራሱ ለስላሳውን ገላዋን ይቀረጥማል።

4ኛው ቆዳውን አስቀምጥልኝ ብሎ ለመነ። አርጥበህ ብትዘረጋው የሆዱን የውስጥ በኩል በማጉያ አይቶ ሴት ትሁን ወንድ መለየት ይቻላል አለ። በ39ኛው ላይ ልጁ እያፈረ መለሰ። ቆዳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ትምህርት ቤት ሄደ። እናቱ ስታየው ሁለተኛ ሸረሪት መስሏት በመጥረጊያ ስትቀጠቅጠው ዱቄት ሆነ።

40ኛው አዲስ ሰው ነው፣ ከቡሬ። እኔም የበቆሎ ጎተራ ውስጥ አግኝቻለሁ ብሎ ፎቶ ለጠፈ። አሸዋማ ቀለም፣ ረጃጅም እግር፣ ሲቆጠር አሥር የሚመስል። ይህንንስ ምን ላብላው አለ። 4ኛው አንዴ አይቶ ይህ የግመል ሸረሪት የሚባለው ነው፣ ታራንቱላም እውነተኛ ሸረሪትም አይደለም አለው። አሥር የመሰለህ ፊት ያሉት መዳሰሻዎቹ እግር ስለሚመስሉ ነው። መርዝ የለውም፣ መንጋጋው ግን ይነክሳል፣ ስለዚህ በሩን ክፈትለትና ይውጣ። የቡሬው ሰው ከሰዓታት በኋላ ተመለሰ። በሩን ከፍቷል፣ ወጥቷልም። የገባው ግን ጎረቤት ቤት ነው፤ ጎረቤቲቱ አሁን በሩ ላይ ቆማ ምንድን ነው የላክህብኝ እያለችው ነው።